በትንሽ ብር የሚያይ የሚመስል አይን መስራት

ለቴአትርም ለአጭር ፊልምም እቃ የምንሰራ ሰዎች ሁላችንም የምንጣበቅበት ቦታ አንድ ነው፣ አይን። ፊቱ በጋዜጣና በኮላ ይወጣል፣ ፀጉሩ በጭራም ይሁን በሱፍ ክር መላ አለው፣ ቆዳውንም ቀለም ደራርባችሁ ታመጡታላችሁ፣ አይኑ ጋ ስትደርሱ ግን ያ ሁሉ ልፋት ባንዴ መጫወቻ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው ፊት ሲያይ መጀመሪያ አይን ነው የሚያየው፣ ህፃን ልጅ እንኳን እንደዛ ነው፣ ስለዚህ አይኑ ከዋሸ ሌላውን ማንም አያምናችሁም።

እኔ ባህርዳር ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ለመድረክና ለካሜራ የሚሆኑ ነገሮች እንሰራለን፣ ጭንብል፣ የእንስሳ ራስ፣ በእጅ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ምናምን። ባጀት የሚባለው ብዙ ጊዜ ለትራንስፖርትና ለምሳ ነው የሚያልቀው፣ ለእቃ የምትተርፈው ትንሽ ናት። ዩቲዩብ ላይ አይን ሲሰሩ የሚያሳዩት ሰዎች የሚጠቀሙት ንፁህ ሬዚን፣ የሲሊኮን ሻጋታ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የመስታወት ጉልላት ነው፣ እሱን እዚህ ሱቅ ገብታችሁ በቀላሉ አታገኙትም፣ ከአዲስ አበባ ይምጣ ብትሉ ደግሞ ለአንድ ጥንድ አይን ብላችሁ ሙሉ ጣሳ መግዛት ነው። ያንን ሁሉ መከተል አያስፈልግም ባይ ነኝ። ያለችው ትንሽ ብርና ትዕግስት ሁለት ቦታ ላይ ከዋለች አይኑ ያያል፣ አንደኛ ከፊት ያለችው የምታበራዋ ጉልላት፣ ሁለተኛ ነጩ፣ ማለትም ነጭ ብለን የምንጠራው ግን ነጭ ያልሆነው ክፍል። መሃል ያለውን ባለቀለሙን ክብ መሳል ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነው፣ በኔ ግምት ግን ከሶስቱ ቀላሉ ስራ እሱ ነው።

ከመስራታችን በፊት ትክክለኛው አይን እንዴት እንደተሰራ ትንሽ ልበል። የአዋቂ ሰው የአይን ኳስ ስፋቱ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ነው፣ አይሪስ የሚባለው ባለቀለሙ ክብ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግማሹ ማለት ነው፣ ብሌኗ ደግሞ እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ትጠባለች ትሰፋለች። ኳሱ ዝም ብሎ ድቡልቡል አይደለም፣ ከፊት ለፊት ኮርኒያ የምትባል ብርሃን የምታስተላልፍ ጉልላት ወጣ ብላ ተቀምጣለች። አሁኑኑ አይናችሁን ጨፍኑና ጣታችሁን የአይናችሁ ቆብ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ከዛ በተጨፈነው አይን ግራና ቀኝ ተመልከቱ፣ ጉብታዋ ከጣታችሁ ስር ስታልፍ ትሰማችኋለች። አይሪሱ ያለው ከሷ ጀርባ ገባ ብሎ ነው፣ በመሃላቸው ፈሳሽ አለ። ሰውን በጎን ስታዩት አይኑ ጥልቀት የሚኖረው ለዚህ ነው፣ ኳስ ላይ ቀጥታ የተሳለ አይን ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር ስዕል ሆኖ የሚቀረው ለዚሁ ነው።

እሺ ኳሱ ከየት ይምጣ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የፒንግ ፖንግ ኳስ ነው፣ እሱ ግን 40 ሚሊ ሜትር ነው (እስከ 2000 ድረስ 38 ነበር)፣ ለሰው ፊት በጣም ትልቅ ነው፣ ለትልቅ ጭንብልና ለእንስሳ ራስ ይሁንላችሁ። ለሰው መጠን እኔ የምወደው የሮል ኦን ዲዮድራንት ኳስ ነው። ያለቀውን ጠርሙስ ሰው ይጥለዋል፣ እህቶቻችሁን፣ የጎረቤት ልጆችን፣ የመስሪያ ቤት ሰዎችን አስቀምጡልኝ ብላችሁ ማስቸገር ነው፣ ክዳኑ ስር ያለውን ቀለበት በቢላ ጫፍ ፈንቀል ስታደርጉት ኳሷ ዱብ ትላለች። ጠርሙሱ እንደየአይነቱ የኳሱ ስፋት ይለያያል፣ በማስመሪያ ለክታችሁ ወደ 24 እና 25 ሚሊ ሜትር የምትጠጋውን ያዙ፣ ጥንዱም አንድ አይነት ይሁን። ድቡልቡልነቷ እንከን የለውም፣ ነጭ ናት፣ ዋጋዋም ዜሮ ነው።

አንድ ፀባይ አላት ግን። የተሰራችበት ፕላስቲክ ቀለምም ማጣበቂያም በቀላሉ የሚይዝ አይደለም፣ እንዲሁ ከቀባችኋት ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና እጠቧት፣ ከዛ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አብረቅራቂነቷ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ፈትጓት፣ ከዛ የጣት ቅባት እንዳይቀር ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጓት። አልኮሉ ከጠፋ ዳግም አረቄም ይሰራል፣ እኛ አገር እሱ አይጠፋም። ይቺን ደረጃ የዘለለ ሰው የሚቀጥለውን ሁሉ በከንቱ ነው የሚለፋው።

ሌላ አማራጭ ሰም ነው። ጎጃም የማር አገር ስለሆነ ንፁህ ሰም ገበያ ላይ አይጠፋም። ሰም ብርሃን ወደ ውስጡ ትንሽ ስለሚያስገባ የስጋነት ስሜት አለው፣ ፕላስቲክ ያንን አይሰጣችሁም። ኳሷን በጀሶ ግማሽ ግማሽ ሻጋታ ታወጡላታላችሁ፣ ጀሶው ከደረቀ በኋላ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ ሰሙ እንዳይጣበቅበት፣ ሰሙን ከነጭ ሻማ ጋር ቀላቅላችሁ ቢጫነቱን ታቀልላችሁና ትሞላላችሁ። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጡ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። የማር ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ ከዛ በፊት ግን ይላላል፣ ስለዚህ ለረጅም ትርኢት መብራት ስር ወይ ሰኔ ሳይገባ የባህርዳር ፀሀይ ላይ ለሚቀረፅ ነገር አልመክረውም፣ በቢላ ሚወጋ ወይ በእጅ ሚፈርጥ አይን ከፈለጋችሁ ግን ከሱ የተሻለ የለም።

አሁን ነጩ። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያበላሸው። የማንም ሰው አይን እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም፣ የኛ ሰው አይን ደግሞ ከዛም ሞቅ ያለ ነው። ቡናማ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በአይሪሱ ዙሪያ ነጩ ላይ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ወይ ጥላ ይኖራል፣ በሽታ አይደለም፣ የተፈጥሮ ቀለም ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሀይና አቧራ ላይ የዋለ ገበሬ፣ ጭስ ቤት ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ደግሞ አይናቸው ወደ ጥጎቹ ቀላ ይላል። እኔ የምሰራው ነጭ አክሪሊክ ቀለም ውስጥ ትንሽ ቢጫና የጥፍር ታህል ቡናማ ጠብ አድርጌ ነው፣ ወደ ሁለቱ ጥግ ስሄድ ቀዩን ትንሽ እጨምራለሁ፣ ደረቅ ስፖንጅ ላይ ነክሬ ጠቅ ጠቅ ነው የማደርገው እንጂ በብሩሽ አልጎትትም፣ ብሩሽ መስመር ይተዋል። ቀለሙን እጃችሁ ላይ ስታዩት ቆሻሻ ይመስላል፣ ቡናማ ፊት ውስጥ ሲገባ ግን ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ስለዚህ ፊቱን ሳትይዙ አትፍረዱ።

የደም ስሮቹን በቀለም አትሳሉ። የጥልፍ ክር ቀዩን ግዙ፣ አንዷን ክር ፍቷት፣ ከፈታችኋት በኋላ ደግሞ እሷኑ በመርፌ በታትኗት፣ ከአይን ሽፋሽፍት የቀጠነች ጭረት ነው የምትፈልጉት። ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ኳሱን ቅቡና ጭረቶቹን ከጥግ ወደ ፊት አስተኟቸው፣ ቀጥ አታድርጓቸው፣ ይጠማዘዙ፣ ሹካ ይሁኑ፣ ወደ አይሪሱ ሲቃረቡ ይጥፉ። በሰው የሚገባ አርቲፊሻል አይን የሚሰሩ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙት ይሄንኑ ቀይ ክር ነው፣ ልዩነቱ እነሱ አክሪሊክ ውስጥ ይቀብሩታል። (እነሱ ወደ አክሪሊክ የዞሩት በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ከጀርመን ይመጣ የነበረው የመስታወት አይን ሲቋረጥ ነው፣ ነገሩም ኳስ አይደለም፣ ቀጭን ቅርፊት ነው። እኛ የምንሰራውን ማንም ሰው አይኑ ውስጥ ላስገባው እንዳይል፣ ለእቃ ብቻ ነው።) ስራው ለመድረክ ከሆነ ግን ክሩን ተዉት። ከአስር ሜትር ላይ የደም ስር የሚያይ ሰው የለም፣ ያ ሰዓት ለጉልላቷ ይዋል።

አይሪሱን በሁለት መንገድ ማድረግ ትችላላችሁ። መሳል የሚችል ይሳል፣ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ከላዩ ከመሃል ወደ ዳር በመርፌ ጫፍ ቀለል ያሉ ቡናማ ጭረቶች፣ ብሌኗን ከቦ ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለበት፣ ዳሩ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት። መሳል የማይችል ጓደኛውን መስኮት ጋ አስቀምጦ በስልኩ ተጠግቶ አይኑን ያንሳና ኮምፒውተር ላይ 12 ሚሊ ሜትር አድርጎ አንድ ገፅ ላይ ብዙውን ደርድሮ ያስወጣ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ዋጋ ነው የሚወጣው። ፕሪንቱ ሌዘር ይሁን፣ ኢንክጄት ኮላ ሲነካው ይፈሳል። ሌዘሩን ደግሞ ጥፍር ቀለም በቀጥታ እንዳይነካው፣ ውስጡ ያለው ማሟሟያ ህትመቱን ያላላዋል፣ መጀመሪያ ከፊትም ከኋላም ኮላ ቀብታችሁ አድርቁት።

እዚህ ጋ የፈረንጆቹ ትምህርት ለኛ አይሰራም የምለው ነገር አለ። እነሱ የሚያሳዩት ሰማያዊና አረንጓዴ አይን ነው፣ በሱ ላይ ብሌኗ ጥርት ብላ ትታያለች። የኛ ሰው አይን ጥቁር ቡናማ ነው፣ እንዳለ ከሳላችሁት መብራት ስር ብሌኑና አይሪሱ ተዋህደው አንድ ጥቁር ቀዳዳ ይሆናሉ። መፍትሄው የአይሪሱን የታችኛውን ግማሽ ከእውነተኛው ይልቅ ሁለት ደረጃ ማቅለል ነው፣ ወደ ማር ቀለም ያዘነብል። ይሄ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ ብርሃን ከላይ ሲመጣ ኮርኒያዋ ትሰብረውና አይሪሱ ላይ የምታበራው በተቃራኒው በኩል ማለትም ከታች ነው፣ ሰው ፀሀይ ላይ ቆሞ ብታዩት ይሄው ነው። የዳሩ ቀለበት ደግሞ ጥርት ያለ መስመር አይሁን፣ ወደ ነጩ እየደበዘዘ ይግባ። መጫወቻ የሚያስመስለው ያ ስለት ያለው ክብ መስመር ነው።

ጉልላቷ። ከሁሉም የምወዳት ክፍል ይቺ ናት ምክንያቱም በነፃ ነው የምትገኘው። ክኒን የሚታሸግበትን ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ክኒኑ የሚቀመጥባት ክብ እንክብል ጉድጓድ አለች፣ እሷ ናት። ሁሉም አይሆንም፣ ክብ የሆነች፣ ጎድጓዳነቷ ዝቅ ያለች፣ ስፋቷ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ክኒኑ ሲወጣ ያልተጨማደደች ነው የምትፈልጉት፣ ስለዚህ ክኒኑን በጉልላቱ በኩል አትግፉት፣ ከኋላ ያለውን ፎይል በምላጭ ክፈቱ። ረዥም ለሆነ ካፕሱል የተሰራው አይሰራም። ጠለቅ ያለውንም ተዉት፣ የአሳ አይን ያደርገዋል።

ጉልላቷን ባዶዋን አይሪሱ ላይ ብትለጥፏት የሰአት መስታወት ነው የምትመስለው፣ ውስጧ አየር አለና ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ይንፀባረቃል። መሞላት አለባት። የህንፃ መሳሪያ መደብር የሚሸጠውን ባለሁለት ቱቦ ግልፅ ኢፖክሲ ግዙ፣ አንድ ጥንድ ቱቦ ለብዙ አይን ይበቃል። ጉልላቷን ገልብጣችሁ ሊጥ ላይ ወይ ጭቃ ላይ ተክሏት ጎድጓዳዋ ወደ ላይ ይሁን፣ ኢፖክሲውን እኩል በእኩል ቀስ ብላችሁ አማስሉት፣ ከተቻኮላችሁ አረፋ ይገባበታል፣ ጠብ አድርጉበት፣ ከዛ የአይሪሱን ወረቀት ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ከአንድ ጎን ጀምራችሁ አስተኙት አየሩ በሌላው በኩል እንዲወጣ። አረፋ ከቀረ የፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሲያደርገው ይወጣል። ሲደርቅ ገልብጧት። ያ ጠፍጣፋ የነበረ ወረቀት በወፍራሙ ጉልላት ስር ሰፍቶና ወደ ውስጥ ገብቶ ስታዩት፣ አዘንበል ስታደርጉት ደግሞ ብሌኗ ከብርሃኑ ጋር ስትጓዝ፣ ስራው ያኔ ነው የሚያስደስተው። ኳሷን ከፊት በኩል በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ አድርጓትና ለጥፏት፣ መጋጠሚያውን በነጩ ቀለም እያደበዘዛችሁ ሸፍኑት። ለመለጠፍ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ጭሱ ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ጉም ይተዋል፣ በዛው ኢፖክሲ ይሁን። ኢፖክሲውም ከአመታት በኋላ ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ ለቡናማ አይን ግን ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ያሞቀዋል።

ደብረማርቆስ ወይ ደጋው አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ብርድ ኢፖክሲን እንደሚያዘገየው እወቁ፣ በክረምት ማታ ሰርታችሁ ጠዋት ሊላላ ይችላል፣ ከሰል ወይ ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ራቅ አድርጋችሁ አሳድሩት። ስትሰሩ መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን በላስቲክ ጓንት ሸፍኑ።

ከላይ ሁሉንም ግልፅ ጥፍር ቀለም ሁለት ሶስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ደርቡበት፣ ነጩም ጉልላቷም አብረው እርጥብ ይሁኑ። የፒንግ ፖንግ ኳስ ከሆነ ግን ጥፍር ቀለሙ ፕላስቲኩን ሊበላው ስለሚችል መጀመሪያ ኮላ ይግባበት፣ የድሮው ሴሉሎይድ ኳስ ደግሞ እሳት በጣም ይወዳል፣ ከሻማ አርቁት። ቀረፃ ላይ ልክ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት አንድ ጠብታ ግሊሰሪን በጣት ጫፍ አሹት፣ ቤታችሁ ለፊትና ለፀጉር የምትቀቡት እሱ ራሱ ግሊሰሪን። ውሃ መብራት ስር ወዲያው ይደርቃል፣ ግሊሰሪን ግን ትዕይንቱ እስኪያልቅ ይቆያል፣ የታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ መስመር አድርጋችሁ ብትተዉት ደግሞ እንባ ያቀረረ ይመስላል። አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ፣ አይሪሱ ላይ ያቺን ነጭ የብርሃን ነጥብ በቀለም አትሳሉ። ለፎቶ ያምራል፣ ራሱ ሲዞር ግን ነጥቧ አብራ ትዞራለች፣ እውነተኛው ነፀብራቅ ደግሞ ቦታው ይቀራል፣ ሁለቱ ሲጣሉ አይኑ ይሞታል። ጉልላቷ ካለች ነፀብራቁን መብራቱ ራሱ ይሰራላችኋል።

ቆቡን አትርሱ። ያማረ አይን ያለ ቆብ ፊት ውስጥ ሲገባ የደነገጠ ሰው ነው። የሰው የላይኛው ቆብ ከአይሪሱ አናት አንድ ወይ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፣ የታችኛው ዳሩን ይነካል ወይ ለጥቂት ሳይነካው ይቀራል። ክቡ በሙሉ ከታየ ፍርሃት ነው፣ ብዙ ከተሸፈነ እንቅልፍ ወይ ስካር። ቆቡን በሶፍትና በኮላ ደራርባችሁ ስሩት፣ እርጥብ እያለ ኳሱ ላይ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቅርፁን አስይዙት። የሁለቱ ብሌኖች ርቀት በአዋቂ ሰው በአማካይ ወደ 63 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሳትለጥፉ በፊት ኳሶቹን በጭቃ አስይዛችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲጠጉ አንድ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ፣ ትይዩ ሲሆኑ ሩቅ ያያሉ።

እይታ ምን ያህል ነገር እንደሚናገር ለማየት ዘጌ ሄዳችሁ የዑራ ኪዳነ ምህረት ቤተ ክርስቲያንን ስዕሎች እዩ። የድሮ ሰአሊዎቻችን አይን ሲስሉ ትልቅ አድርገው ነው፣ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የላይኛውን ቆብ ነክቶ ይንጠለጠላል፣ ትንሽ ወደ ጎን ስታደርገው ቅዱሱ ማንን እንደሚያይ ታውቃለህ። ፃድቁን ፊት ለፊት በሁለት አይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ አይኑ ብቻ መሳል ደግሞ የቆየ ስርአታቸው ነው። ጥላም ነፀብራቅም ሳይጠቀሙ በቦታው ብቻ ነው ይሄን ሁሉ የተናገሩት። ለመድረክ ስሰራ እኔም ከነሱ ነው የምወስደው፣ ሩቅ ላለ ተመልካች ጥቁሩ የት እንዳለ ነው ዋናው።

የፈረስ አይን ለብቻው ይወራ። ለአንድ የጦርነት ታሪክ ትርኢት የፈረስ ራስ ስንሰራ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በአል ሄጄ ፈረሶቹን በቅርብ አየኋቸው። የፈረስ ብሌን ክብ አይደለም፣ አግድም የተኛ ሞላላ ነው፣ ከላይኛው ጠርዙ ላይ ደግሞ ጥቋቁር ጥራጥሬ የሚመስል ነገር ወደ ብሌኑ ተንጠልጥሏል፣ እሱን ያየሁት አንድ በጌጥ ያሸበረቀ ዳማ ፈረስ ፀሀይ በጎን ሲመታው ነው። ነጩ ምንም አይታይም ነበር። ተጠግቼ ስልኬን ሳወጣ ፈረሱ አንገቱን ቀና አደረገና በጥጉ በኩል ነጩ ብልጭ አለ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ልጓሙን ሳብ አድርገው «ልጄ ነጩን ስታይ ወደ ኋላ በይ፣ አልወደደሽም ማለት ነው» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ከሩቅ አነሳሁት። የትርኢቱ ፈረስ አይን ሙሉ በሙሉ የተሰራው በዛ ንግግር ነው፣ የቆመው ፈረስ ላይ ነጭ አልተውኩም፣ የጦሩ ትዕይንት ላይ የሚገባው ራስ ላይ ቆቡን ወደ ኋላ ስቤ ጥጉን ነጭ አደረግኩት፣ ሰው ድምፅ ሳይሰማ ፈረሱ እንደፈራ ገባው። መጠኑ የፈረስ አይን ከ40 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ስለዚህ የፒንግ ፖንግ ኳስ በትክክል ነው የሚሆነው፣ ጉልላቱ ግን በክኒን ማሸጊያ አይበቃም፣ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጎበጥ ያለ ቦታ ቆርጠን ሞላነው። የበግና የፍየል ብሌንም አግድም ነው፣ ጥጎቹ አራት ማዕዘን ወደመሆን ያደላሉ።

በእድሜ የገፋ ሰው ስትሰሩ አይሪሱን ከቦ ዳሩ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ቀለበት ይግባ፣ ሽማግሌዎች ላይ በብዛት ይታያል፣ ያቺ ብቻዋን ሃያ አመት ትጨምራለች። አይነ ስውር የኔታ ስንሰራ ግን በጣም ነው የምጠነቀቀው ምክንያቱም ብዙ ቦታ የማየው አይኑን በሙሉ ነጭ ቀብቶ መልቀቅ ነው፣ አብዛኛው አይነ ስውር ሰው እንደዛ አይደለም፣ ሰውየውንም ጭራቅ ያደርገዋል። የአይን ሞራ የሚወጣው ከብሌኗ ጀርባ ያለው ሌንስ ላይ ነው፣ አይሪሱ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ ነጩም እንደነበረ ነው፣ ጉልላቷም ታበራለች፣ ጥቁር መሆን የነበረባት ብሌን ብቻ ግራጫ ወይ ወተትማ ትሆናለች። አያቴ ከመታከሟ በፊት አይኗ እንደዛ ነበር፣ በር ላይ ስትቀመጥ ነበር የሚታየው፣ ጥላ ውስጥ ግን ማንም አያውቅባትም። ትራኮማ ያደረሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ሲፈትገው ላዩ ላይ ነጭ ጠባሳ ይወጣል፣ የኛ ክልል ትራኮማ በአለም ላይ በጣም ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ተመልካቹ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ሞራውን ከጉልላቷ ስር ብሌኗ ላይ ሳሉት፣ ጠባሳውን ከጉልላቷ ላይ በስሱ ነጭ ቀለም ነካ ነካ አድርጋችሁ አብረቅራቂነቱን እዛ ቦታ ላይ ስበሩት። በትክክል ከሰራችሁት የሚያየው ሰው አባቱን ነው የሚያስታውሰው።

የሞተ አይን ከፈለጋችሁ ስራው ትንሽ ነው። ሰውም ከብትም ሲሞት ኮርኒያው በሰአታት ውስጥ ይደበዝዛል፣ በበአል ቀን የታረደ በግ አይን ላይ ጠዋትና ከሰአት ብታዩ ልዩነቱን ታገኙታላችሁ። ብሌኗን ሰፋ አድርጋችሁ አትሙ፣ የጨረሳችሁትን አይን ጉልላቷን ብቻ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያሻችሁ ብርሃኑን አጥፉት፣ ግሊሰሪን አይንካት። የወደቀው ፈረሳችን ላይ ያደረግነው ይሄንን ብቻ ነው፣ ራሱ ያው፣ ቀለሙ ያው።

አስቀማመጡ ላይ፣ አይኖቹን ጥጥ ውስጥ ጠቅልላችሁ እንቁላል በሚመጣበት ካርቶን ጥንድ ጥንዱን ደርድሯቸው፣ ሰሞቹን ከመስኮት አርቁ። ህፃን ያለበት ቤት ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፣ መጠናቸው አፍ ውስጥ የሚገባ ነው። የክኒን ማሸጊያ የሚያጠራቅምላችሁ ሰው ካጣችሁ ሰፈራችሁ ያለው ፋርማሲ ጊዜው አልፎ ከሚወገደው ላይ ስጡን ብላችሁ አትጠይቁ፣ መድሀኒት ያለበት ነገር አይሰጥም፣ መሰጠትም የለበትም፣ ሽማግሌ ያለበት ቤት ጠይቁ፣ የደም ግፊት ክኒን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ባዶውን ማሸጊያ ባንድ ወር ውስጥ ለሙሉ ትርኢት የሚበቃ ያጠራቅምላችኋል።